ባሌ በስልክ የሰጠው እሺታ

ቶሎ የምቆጣ ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ሰምታችሁ «ሴትዮዋ ነገረኛ ናት» ከማለታችሁ በፊት ራሴው ልበለው ብዬ ነው። እናቴ ገና በልጅነቴ «አንቺስ አፍሽ ቀድሞሽ ነው የተወለደው» ትለኝ ነበር። ዲላ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቁት፣ ያን ቅዳሜ ወርቃ ላይ ያ ሁሉ አፍ ምንም እንዳልሠራልኝ ነው።

ቤታችን ዲላ ነው። ባሌ ታምራት የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ፣ መንገድ ላይ ሰላምታ ሲሰጥ እኔን አቁሞ የሚረሳ ሰው። እኔ ደግሞ የቡና ሰው ነኝ። ከአባቴ በወረስኩት መሬት ላይ፣ ከይርጋጨፌ ወዲያ ወርቃ በሚባል ቦታ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለኝ። ከገበሬው ቀይ እሸት እገዛለሁ፤ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ላለ ላኪ ድርጅት አስረክባለሁ። ፈቃዱ በስሜ ነው፣ ኃላፊነቱም የእኔ። ታምራት ጣቢያውን በዓመት አንዴ ቢረግጠው ነው፤ እሱም ንጹሕ አየር ልቀበል ብሎ።

የላኪው ድርጅት ወኪል ሰለሞን ይባላል። መጀመሪያ ልንዋዋል ቤታችን ሲመጣ ስልኬን ሰጠሁት። መዘገበና «የመምህርንም ስጪኝ፣ ለማንኛውም» አለ። ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ደውሎ አያውቅም። መኪና መቼ ይምጣ፣ ጆንያ ይላክ ወይ፣ ቡናው ምን ደረሰ፣ ሁሉንም የሚጠይቀው ታምራትን ነው። ታምራት ማታ ለእኔ ይነግረኛል፤ የምለውን ጠዋት ለሰለሞን ይነግርልኛል። እኔም ነገሩን በሳቅ ነበር የያዝኩት። «ጸሐፊዬ፣ ዛሬስ ምን መልእክት አለህ?» እለዋለሁ፤ እሱም ይስቃል።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ያለወቅቱ ዝናብ ጣለ። ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ እያለ ዝናብ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የቡና ሰው ያውቀዋል። ላስቲክ ታለብሳለህ፣ ታነሳለህ፣ መልሰህ ታለብሳለህ፤ ሊደርስ ጥቂት ጸሐይ የቀረው ቡና ተመልሶ ይለሰልሳል። የዓመቱ ቡናዬ በሙሉ ያኔ አልጋ ላይ ነበር።

አርብ እራት ላይ ታምራት እንደ ተራ ወሬ አድርጎ፣ «ሰለሞን ደውሎ ነበር። የጭነት መኪናው ወጥቷል፤ ነገ ጠዋት ወርቃ ገብተው ይጭናሉ» አለኝ።

«ምኑን ነው የሚጭኑት?»

«ቡናውን ነዋ። ደርሷል ወይ አለኝ። ደርሷል መሰለኝ፣ እሺ አልኩት።»

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩት። «ታምራት፣ ቡናው አልደረቀም።»

«ባለፈው ሳምንት፣ በዚህ ሳምንት ይደርሳል አላልሽኝም?»

«ከዚያ በኋላ ዘነበ።»

«እዚህ እኮ አልዘነበም፣ አስቱ።»

ሌላ ቀን ቢሆን፣ የጂኦግራፊ መምህር ሆነህ የወርቃን ዝናብ በዲላ ትለካለህ ብዬ እድሜ ልኩን እቀልድበት ነበር። ያን ማታ ግን ቀልድ አልመጣልኝም። ያልደረቀ ቡና ጆንያ ውስጥ ገብቶ፣ ሸራ ለብሶ መንገድ ከዋለ ከውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል። አዲስ አበባ ያለው ቀማሽ አንድ ጊዜ ቀምሶ ይተፋዋል። ከዚያ በኋላ የዓመቱ ቡና የለም፤ «የአስቴር ቡና ሻጋታ ነው» የሚል ወሬ ብቻ ነው የሚተርፈኝ። ያንን ይዤ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይገዛኛል?

ሰለሞን ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ አታስቢ። ከመምህር ጋር ጨርሰናል» አለኝ።

«መምህር ቡናውን አላየውም። አልደረቀም እያልኩህ ነው።»

«እሺ እናቴ፣ ነገ እዚያው እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋው። ጣቢያ ላይ ላለው ተቆጣጣሪዬ ለበየነ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወርቃ መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ነበር።

ጠዋት ጎህ ሳይቀድ በአሮጌዋ ፒክ አፓችን ወጣን። ታምራት ልብሱን ሲለብስ «እኔም ልምጣ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ደስ አለኝ። እዚያው ነገሩን ያበርደዋል ብዬ። ይርጋጨፌን አልፈን ወደ ገደብ ስንቃረብ መንገዱ ጭቃ መሆን ጀመረ። ጭቃውን ባየሁ ቁጥር ዞር ብዬ አየዋለሁ። እሱ ግን መሪውን ይዞ ወደፊት ብቻ ያያል። አንድ ጊዜ «እንዲህ ዘንቧል እንዴ?» አለ ለራሱ።

ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ የጭነት መኪናው ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ ቆሟል። ማድረቂያ አልጋዎቹ አጠገብ ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ አፋቸው የተሰፋ አለ፣ ያልተሰፋ አለ። ቡናውን እየገለበጡ የሚለቅሙት ሴቶች፣ የእኔው ሠራተኞች፣ ቡናውን ከአልጋ እየዛቁ ይከታሉ። መኪናው ላይ የወጡ ጆንያዎችም ነበሩ።

«በየነ፣ ማን ክተት አለህ?» አልኩት ገና ከመኪና ሳልወርድ።

በየነ ባርኔጣውን አወለቀ። «መምህር እሺ ብሏል አሉኝ፣ አስቴርዬ። መምህር ካለ ብዬ ነው።»

አንድ እፍኝ ቡና አነሳሁ። ፍሬውን ጥርሴ መሀል ሳደርገው እንደ ባቄላ እሸት ገባልኝ፤ የደረቀ ቡና ጥርስ ይመልሳል። ሰለሞን ከመኪናው ጀርባ መጣ። በእኔ በኩል አለፈና ታምራትን ትከሻ ለትከሻ ሰላም አለው። «መምህር፣ ድካም ነው የፈጠርንብህ፤ መምጣትም አልነበረብህም።»

«ሰለሞን፣ ይህ ቡና አይጫንም» አልኩት።

አሁን ዞሮ አየኝ፤ ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ትንሽ እርጥበት እንዳለው እኛም አይተናል። አዲስ አበባ መጋዘን ላይ እናሰጣዋለን። ይህንንም ለመምህር ነግሬዋለሁ።»

ታምራትን አየሁት። ዓይኑን ሰበረ። ነግሮት ነበር ማለት ነው፤ እሱ ግን ለእኔ መንገር የሚገባው ነገር አልመሰለውም።

«አዲስ አበባ እስኪደርስ ይሻግታል። ከሻገተ ደግሞ ማሰጣት አያድነውም። ያኔ ጥፋቱ የማን ነው የምትሉት?»

«አይሻግትም፣ እናቴ። መርከብ ቀጠሮ አለብን። ዛሬ ካልተጫነ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው። ከዚህ በታች ቡና ይዘው የሚለምኑን ሞልተዋል።» ከዚያ ድምፁን ለወጠና ወደ ባሌ ዞረ፤ «መምህር፣ እባክህ አንተ ንገራት።»

ሁሉም ታምራትን አዩ። ጫኞቹ፣ በየነ፣ ሴቶቹ ሳይቀሩ። እኔም አየሁት። ታምራት ጉሮሮውን ጠረገና «አስቱ፣ አንዴ ወዲህ ነይ» አለኝ።

ቡናው ተፈልፍሎ ከሚዘፈዘፍበት የማብላያ ገንዳ ጀርባ ወሰደኝ። «ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ በቀስታ። «መኪናው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው በእኔ ቃል ነው። አሁን ሚስቴ ከለከለችኝ ልበል?»

«ቃል የሰጠኸው እኮ በእኔ ቡና ላይ ነው።»

ፊቱ ጠቆረ። በትዳራችን ውስጥ እኔ «የእኔ» ብዬ አላውቅም ነበር። ቤቱ የእኛ ነው፣ ደሞዙ የእኛ ነው፣ ጣቢያውም የእኛ ነው ስንል ነው የኖርነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ፤ መመለስ ግን አልቻልኩም። ታምራት ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ፒክ አፓችን ሄደና ገብቶ በሩን ዘጋ።

ብቻዬን ስመለስ ሰለሞን ሁኔታውን ከሩቅ አይቶ ተረድቶታል። «ጫኑ» አላቸው። ጫኞቹ ጎንበስ አሉ።

የመጀመሪያው ጆንያ ላይ ደረስኩና ስፌቱን በጥርሴም በእጄም በጠስኩት። ጆንያው ከበደኝ። ጎትቼ አልጋው ጠርዝ ላይ አስደገፍኩትና ቡናውን መልሼ ደፋሁት። ሁለተኛውን ያዝኩ። ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ያዩኛል። አብረን ሻይ የምንጠጣ፣ ልጆቻቸው ሲታመሙ አብሬያቸው የሮጥኩላቸው ሴቶች ናቸው። «ምን ታያላችሁ? እርዱኝ እንጂ» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩና ዓይናቸው ወደ ፒክ አፑ ሄደ። ወደ ታምራት። ከሰለሞን ይልቅ ያ ነው አንጀቴን ያቃጠለው።

«አብደሻል?» አለ ሰለሞን። አንዱ ጫኝ ጆንያውን ከእጄ ሊወስድ መጣና፣ ሴት እንዳይገፋ ፈርቶ ይሁን አዝኖልኝ፣ ቆመ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። በሐዘን አይደለም፤ እኔ ስናደድ ነው የማለቅሰው፤ ሰው ግን ይህን አይለየውም። ሰማዩ በገደብ በኩል መጥቆር ጀመረ። ዝናቡ ከመጣ፣ ጆንያ ውስጥ ያለውን መልሼ አሰጥቼ ላስቲክ ለማልበስ ጊዜ አይኖረኝም።

ሰለሞን ስልኩን አውጥቶ «አለቃ ጋ እየደወልኩ ነው» አለ። አለቃ የሚላቸው ሥራ አስኪያጁን ነበር፤ ሁልጊዜ በአንቱታ ስለሚያወራ እኔም ሳልጠይቅ ወንድ አድርጌ ይዣቸው ኖሬያለሁ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ክፍት ሲያደርገው ከስልኩ የወጣው የሴት ድምፅ ነው። ወይዘሮ ራሔል ይባላሉ። በሕይወቴ የሴት ድምፅ እንደዚያ አስደስቶኝ አያውቅም። ተገላገልኩ አልኩ በልቤ፤ እሳቸው ይሰሙኛል።

«ወይዘሮ ራሔል፣ አስቴር ነኝ፣ የጣቢያው ባለፈቃድ። ቡናው አልደረቀም። አሁን ቢጫን እርስዎም ይከስራሉ፣ እኔም እጠፋለሁ። የሚቀረው ጥቂት ጸሐይ ነው…»

አቋረጡኝ። ክፉ ድምፅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «እህቴ፣ ጉዳዩ ያለቀው ከባለቤትሽ ጋር ነው። እባክሽ መምህርን አገናኚኝ።»

ያ ቀድሞኝ የተወለደው አፍ አንድ ቃል አጣ። ሰለሞን ስልኩን ይዞ ወደ ፒክ አፑ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት፤ ሰው ሁሉ ተከተለኝ። ታምራት ከመኪናው ወረደ። ስልኩን ተቀበለ፤ ሰላምታውን እንደ ልማዱ አረዘመው፤ ጤናቸውን ጠየቀ፣ ቤተሰባቸውን ጠየቀ። በዚያች ቅጽበት እሺ ቢል ቡናዬም ሄደ፣ ትዳሬም ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚሆን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ታምራት እጄን አየ። ጆንያ የቀደደው ጣቴ ይደማ ነበር።

«ወይዘሮ ራሔል» አለ፣ «እኔ ትናንት እሺ ያልኩት ሳላውቅ ነው። ስለ ቡና የማውቀው ስኳር ስንት እንደሚገባበት ብቻ ነው። አስቴር አይጫንም ካለች አይጫንም።»

ወይዘሮዋ «እንግዲህ እርስዎ ካሉ፣ መምህር፣ ምን ይደረጋል። ሰለሞን፣ ተወው» አሉ።

በቃ። ይኸው ነው። ሰለሞን ሳይከራከር እጁን አወናጨፈ። በየነ «አውርዱ» ብሎ ጮኸ። እጃቸውን አጣጥፈው የነበሩት ሴቶች እየተሯሯጡ ጆንያ ይፈቱ ጀመር። አንዷ እያለፈች «መምህር ይባረክ» አለች።

እናንተ፣ እዚህ ላይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አይደል? ቡናዬ ተረፈ። ባሌ ሰው ፊት ከጎኔ ቆመ። እኔን ግን ከጠዋቱ ይልቅ ደሜን ያፈላው ይህ ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ አይጫንም እያልኩ ስጮህ የሰማኝ የለም። እሱ ያንኑ ቃል አንዴ ሲለው መኪናው ቆመ።

ስልኩን ከታምራት እጅ ወሰድኩት። ገና አልተዘጋም ነበር። «ወይዘሮ ራሔል፣ አሁንም አስቴር ነኝ። ቡናው ሲደርስ የምነግርዎ እኔ ነኝ። የሚጠይቁት ነገር ካለ እኔን ይጠይቁኝ። ከእንግዲህ ለመምህር ከተደወለ ግን ይህን ቡና እርስዎ አይወስዱትም።»

ታምራት ዓይኑን አፈጠጠ። ሰለሞን «ኧረ ሴትዮ…» አለ።

«እያስፈራራሽኝ ነው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«አይደለም። ቡናው ያለው እኔ ጋ መሆኑን እየነገርኩዎ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። መኪናው ባዶውን ወጣ። ቡናውን መልሰን አሰጥተን ላስቲኩን ጎትተን ሳንጨርስ ዝናቡ ወረደብን።

ወደ ዲላ ስንመለስ ታምራት መሪውን እንደያዘ፣ «እኔ ያልኩት እኮ ያንቺኑ ነው። ታዲያ ለምን ተቆጣሽ?» አለኝ።

«ያልከው የእኔኑ ነው። ታዲያ ከእኔ አፍ ሲወጣ ለምን አልተሰማም?»

ዲላ ልንገባ ስንል ጪጩ ከተማ ላይ መኪናውን አቁሞ ፋሻ ገዛና ጣቴን አሰረልኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከቅዳሜው ይከፉ ነበር። ጸሐይ ወጣ፣ ቡናው ጥሩ አድርጎ ደረቀ፤ ስልክ ግን የለም። የእኔም የታምራትም ዝም አለ። ደርሷል ልል፣ ውሉ ላይ ባለው የቢሮ ስልክ ለወይዘሮ ራሔል ደወልኩ፤ አላነሱም። ሌላ ገዢ ስጠይቅ «ከእነ ራሔል ጋር ተጣልታለች» የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ሌሊቱን እየተገላበጥኩ፣ ምን ቆርጦኝ ነው አፌን የከፈትኩት፣ ቡናው ከተረፈ አይበቃኝም ነበር ወይ እያልኩ ራሴን እበላ ነበር። ታምራት አንድ ጊዜ «ልደውልላት?» አለኝ። «ብትደውል እገልሃለሁ» አልኩት፤ ግማሹ ከልቤ ነበር።

ወይዘሮ ራሔል የመጡት ሳይነግሩኝ ነው። ጣቢያው ላይ ሳለሁ አንዲት ሽበት ጣል ጣል ያደረጉ ሴት ቦት ጫማ አድርገው በአልጋዎቹ መሀል ሲሄዱ አየሁ። ሰላም ሳይሉኝ ፍሬ አንስተው ነከሱ። ሌላ አልጋ ሄደው ነከሱ። ከዚያ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ንቄሽ አይደለም» አሉኝ። «ተቃጥዬ ነው። ከሴት አቅራቢ ጋር ቀን እስማማለሁ። ማታ ቤቷ ትገባለች። ጠዋት ባሏ ይደውልና የለም ይላል። እንዲህ ስንት መኪና ባዶውን እንደተመለሰብኝ አትጠይቂኝ። ስለዚህ ከባል መጀመር ለመድኩ። ያጥራል።»

አልዋሹም። የምናውቀው ነገር ነው። «እኔም ማታ ቤቴ ገብቻለሁ» አልኳቸው። «ጠዋትም የማወራው ያንኑ ነው።»

ትንሽ አዩኝና ስልካቸውን አወጡ። «ቁጥርሽን ንገሪኝ። ሰለሞን የሰጠኝ የመምህርን ብቻ ነው።»

ቡናው በማግስቱ ተጫነ። አዲስ አበባም ንጹሕ ሆኖ ገባ። የዚያ ዓመት ቡናዬ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል፤ እኔን የለወጠኝ ነገር ግን አላለቀም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ገዢዎች ከሆናችሁ፣ ስልካችሁ ውስጥ የተመዘገበው የማን ቁጥር እንደሆነ ዛሬ እዩት። ሻጮች ከሆናችሁ ደግሞ፣ ሌላ ሰው በእናንተ ስም እሺ ማለት ሲጀምር እንደ እኔ አትሳቁ። መጀመሪያ ያመቻል፤ ያመቻልና ነው የሚከፋው። የሚወቀስ ሰው ለማግኘት ደግሞ እስከ ወይዘሮ ራሔል ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም። እኔ ራሴ ገዢ ነኝ፤ ይህን የተረዳሁት በሚቀጥለው ዓመት ለቀማ ላይ ነው።

አንዲት ወጣት ገበሬ ከባንኮ ጎቲቲ በኩል እሸት ተሸክማ መጣች። ቀይ፣ አንድም ጥሬ የሌለው። በየነ ሊመዝን ተነሳና «ባልሽ ያውቃል?» አላት። ሁልጊዜ የሚጠይቀው ነው። ጣቢያው ሁሉ ይጠይቃል፤ ባል በኋላ መጥቶ እንዳያምሰን። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰችና እሸቱን መልሳ ልትሸከም ጎንበስ አለች። እሸቱን ይዤ ወደ ሚዛኑ ሳብኩት።

«መዝን» አልኩት።

ባልየው በማግስቱ መጣ። ተቆጥቷል፤ ዱላውን መሬት እየመታ ነው የገባው። በሩ ላይ ቆሜ ተቀበልኩት። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ እያየ «የዚህ ቤት ጌታ የለም ወይ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ቡናውን የሸጠችልኝ ሚስትህ ናት፤ የምትጠይቀው ካለ እሷን ጠይቃት።»

ቆሞ አየኝ። እኔም ቆሜ አየሁት። አልፈራሁም ብላችሁ ውሸቴን ነው። በመጨረሻ ዞሮ ሄደ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ትመለስ አትመለስ እያልኩ ሳምንቱን መንገድ መንገዱን ሳይ ሰነበትኩ። ተመለሰች። ባሏም አብሮ ነበር፤ እሸቱን ተሸክሞላት። ሚዛኑ ጋ ሲደርሱ በየነ ቀና ብሎ እሱን ማየት ጀመረና፣ መሀል ላይ ዓይኑን መልሶ ወደ እሷ ዞረ።